የሚንቋቋው የቁምሳጥን በር

ፈንታነሽ ከጂዳ ከተመለሰች ወዲህ ሰው ማመን የሚባል ነገር ተሟጦባታል። ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ ጎንበስ ብላ ሚዛኑን ከሥር ታየዋለች። እንግዲህ ይቺ ልጅ ናት የአባቷን ዋንዛ ለአናጢ የሰጠችው።

ዋንዛውን አባቷ፣ ገሳይ በሚባለው አገራቸው፣ ጓሯቸው ውስጥ የተከሉት ነው። እሷ አረብ አገር እያለች አረፉ፤ ለቅሶ እንኳ አልደረሰች። እናቷ "ለሷ ብሎ ነው የተከለው" አሉና ዛፉን አስቆርጠው ጣውላ አስደረጉት። ከአባቷ የቀራት እሱ ነው። ቁምሳጥን ይሁንልኝ ብላ ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ለሚሠራው ለአናጢው ለሰዒድ ወሰደችለት።

ሰዒድ ደግሞ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመሮ ተፈልቅቆ ነው። በሄደች ቁጥር ቁምሳጥኑ ሸራ ለብሶ ይጠብቃታል።

"ለምን ይሸፍኑታል ጋሼ?"

"አቧራ አለ።"

"ትንሽ ገለጥ አድርጌ ልየው?"

"ሲያልቅ ታይዋለሽ።"

ይኸን ለአክስቷ ልጅ ለሙላቴ ብትነግረው ባጃጁን አቁሞ ሳቀባት።

"አንች ሞኝ፣ ዋንዛሽንማ ሽጦታል። ባህር ዛፍ ነው ቀብቶ የሚያስታቅፍሽ።"

"በምን አወቅህ?"

"እኔ ምን ቸገረኝ። ደህና ነገር ምን ያስሸፍነዋል?"

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም።

ሚያዝያ ላይ ሥራው አለቀ። ቫርኒሹ ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ዋንዛ ይሁን ምን ይሁን በምን ይታወቃል? አንድም ሚስማር የለውም። ሰዒድ የአንዱን እንጨት ጫፍ ቀርጾ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚከተው፤ ወንድና ሴት ይሉታል። ፈንታነሽ እየዳበሰች ዞረችው። በሩን ስትነቀንቀው መሐሉ ላይ ያለው ሰፊ ጣውላ ክፈፉ ውስጥ ቋ ቋ አለ።

"ጋሼ፣ ይኸ ልቅ ነው እኮ።"

"ልቅ መሆን አለበት።"

"ኮላ ረስተው ነው?"

"አልረሳሁም። አትንኪው ብቻ።"

ምን ስላለበት ነው የማልነካው፣ አለች በሆዷ።

ቤት ከገባ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቋ ይላል። ሙላቴም "ልኩ አንሶበት ነው፤ የሰው ጣውላ ነዋ" ይላታል። አንድ ቀን ከሰዓት ሁለቱ ተቀምጠው ስንጥር ፈለጡ፣ ኮላ ነከሩ፣ በጣውላውና በክፈፉ መሐል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ጠቀጠቁት። መንቋቋቱ ቀረ። ይኸ አቅቶት ነው እንዴ፣ አለች ፈንታነሽ።

ክረምት ገባ። የደብረ ታቦር ክረምት እንደሆነ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አያደርቅም። ጣውላው እርጥበቱን ጠጥቶ አበጠ፤ ማበጫ ክፍተቱን ግን እነሱ ደፍነውታል። ሐምሌ ላይ አንድ ጧት በሩ አልከፈትም አላት። ጎትታ ስታላቅቀው ክፈፉ ማዕዘኑ ላይ ተፈልቅቆ ወንዱ ከሴቱ ወጥቷል። የወጣውን ጫፍ ቫርኒሽ አልነካውም። መልኩ ገሳይ ከቀረው የአባቷ ዛፍ ጉቶ ጋር አንድ ነው።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሙላቴን ጠርታ ብታሳየው አገጩን እያሻሸ፣ "ምናልባት በሩን ብቻ ይሆናል በዋንዛ የሠራው" አላት።

"አንተ ዝም ብለህ ጫንልኝ።"

ሰዒድ በሩን ገልብጦ አየ። ስንጥሩን በጥፍሩ ጫር አደረገው።

"ማን ነው ይኸን የደፈነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አትንኪው ብዬሽ አልነበር?"

"የአባቴን ዋንዛ የሸጡት መስሎኝ ነው።"

የሰዒድ ዓይን ቀላ። ከዚያ ዱካ ጎተተና አጠገቡ አስቀመጠ።

"ቁጭ በይ።"

"ሥራ አለብኝ ጋሼ።"

"ቁጭ በይ እንጂ። አሁንማ እኔም አንችን አላምንሽም። ሳታይኝ ሠርቼ ብሰጥሽ፣ ነገ ደግሞ ጣውላውን ቀየረው ትያለሽ።"

ተቀመጠች። ይቅርታ ልትል ብላ ተወችው። እሱ ስንጥሩን በመሮ እየፈለቀቀ ያወጣል፣ እሷ ታያለች። እሱም በየመሐሉ ቀና እያለ እጇን ያያል።