ሰማያዊው የሞተር ክዳን

ባለቤቴን የሱፍን ደሴ፣ ሆጤ ከሚገኘው ቤታችን የወሰደው ጀማሉዲን ነው። ያን ጊዜ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ነበር። ላንድሮቨራችንንም አብረው ነድተው ሄዱ። በማግስቱ ምሳ ይዤ ስሄድ ጀማሉዲን ከቀበሌው በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

«ባልሽ ሌሊት አምልጧል» አለኝ። «መኪናውን አስነስቶ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ ከድቷል።»

ለከዳ ሰው ለቅሶ የለም። የሟች ሚስት የምትቀመጠውን ኢዳ አልተቀመጥኩም። ሰደቃ አላወጣሁም፤ ሸሁም «ሞቱ ሳይታወቅ እንዴት ብለን?» አሉኝ። ጎረቤቴ ረሂማ ከእኔ ጋር ስታለቅስ ተሰምታ ቀበሌ ተጠራችና ተገሠጸች። ከዚያ ወዲያ ደጄን የሚረግጥ ጠፋ። መሠረተ ትምህርት ስገባ እንኳ ስም ጠሪው «የከሃዲው ሚስት» እያለ ነበር የሚጠራኝ። አቤት እል ነበር። ምን ላድርግ፣ ልጅ አለኝ።

ልጄ ጀላል አድጎ ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ገብረ ማርያም ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ሆነ። እኔም ተከትዬው ወረድኩ። ምሳውን በየቀኑ እኔው ራሴ አደርስለታለሁ። ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው እንዳይወስዱብኝ፣ ከክሪክ የወረደ መኪና እንዳይጫነው እያልኩ እሰጋለሁ። በዓይኔ ካላየሁት ውሃም አይወርድልኝ።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤ ስገባ ጀማሉዲን ቆሟል። ወፍሯል። አሁን የአውራጃ ሹም ነው። አጠገቡ ነጭ የተቀባ ላንድሮቨር ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ ሞተሩ ግን ጥቁር ነው።

«እቴ ጣይባ! አለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ። አንተም አለህ።»

«ልጅሽ እጁ የተባረከ ነው ይሉኛል። ይቺን ሞተር ከፋብሪካ የወጣች ዕለት እንደነበረችው ያድርጋት። መኪናዋን በስጦታ የምሰጣቸው ኮሎኔል በወጣትነታቸው ይህችኑ ዓይነት ነድተዋል፤ ቀለሟን ያውቁታል። ከወደዷት ወደ አዲስ አበባ ያዛውሩኛል።»

«ይውሰዱህና እኛም እንረፍ» አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም ከመኪና ሥር ተኝተው። ጀማሉዲን ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት።

እሱ ሲሄድ ጀላል ሥራውን ጀመረ። ዓይን ያየው ቦታ አይታመንም አለኝ፤ ሙቀትና ዘይት ቀለሙን ይለውጡታል። ስለዚህ ዲናሞውን ፈታ። ከማሰሪያው ብረት ሥር፣ ብርሃንም ዘይትም ያልነካው ትንሽ ቦታ ተገኘ፤ እንደ ለጋ ባሕር ዛፍ ቅጠል የነጣ አረንጓዴ። በቤንዚን ጠራረገው። ቆርቆሮ ላይ ቀለም እየበጠበጠ ቀባ፤ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሲደርቅ ከዚያ ጋር አስተያየው። አንዱ ጠቆረ፣ አንዱ ቢጫ በዛበት። እርጥቡን አይቶ የሚፈርድ ይሳሳታል አለ።

ቀጥሎ የሞተሩን የላይ ክዳን ጥቁር ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው።

«ይሄስ ምንድነው?» አለ። «እማ፣ ክዳኑ ብቻ ሰማያዊ ነው።»

ጠጋ ብዬ አየሁት። እዚያው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

የሱፍ ሞተሩን አስፈትቶ ያሳደሰ ጊዜ የክዳኑ ቀለም ተልጦ ነበር። እኔ ለሰፌድ የሚሆን አክርማ ሣር በቀለም እነክር ነበርና «አንቺ ቀለም ታውቂያለሽ፣ ከሌላው ጋር አመሳስይልኝ» አለኝ። አክርማ ሲደርቅ ይፈዛል። የመኪናውም ቀለም እንደዚያ መስሎኝ ሰማያዊውን አበዛሁት። ሲደርቅ ጭራሽ ደመቀ። የሱፍ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አይነካም፣ የጣይባ ክዳን ነው» ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ አሳየ።

ለጀላል ነገርኩት። እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ጣለ።

«እና አባዬ በዚህ መኪና አልሄደም?»

«አልሄደም።»

«ስለዚህ...»

«አዎ ልጄ።»

ስንት ዓመት ጀማሉዲንን ስረግመው ኖሬያለሁ። ቁምጥና ለምኜለታለሁ፤ የልጆቹን ሞት ግን ፈርቼ ተውኩት። ያን ቀን ግን ምን እንደምፈልግ አወቅሁ። በገዛ አፉ፣ በፀሐይ፣ ሰው እየሰማ «የሱፍ ሞቷል» እንዲል ነው የምፈልገው። የሚመኘውንም ሹመት ከጉሮሮው ላይ ልነጥቀው።

«ሌላውን ሁሉ እንዳለህ ቅባው» አልኩት። «ክዳኑን ግን እንዳትነካ።»

«እማ፣ ያስፈጁናል!»

«አንተን ዝም በል እያልኩ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። አሁን አንተ ዝም በል፤ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ጀላል ሌላውን ቀባ። ጀማሉዲን ሥራውን ሊያይ ሲመጣ ክዳኑን በጨርቅ ሸፍኖ «እርጥብ ነው፣ አቧራ ይይዘዋል» አለው።

ኮሎኔሉ ጁምዓ ከሰዓት መጡ። ከመስጊድ የወጣው ሰው መኪናቸውን አይቶ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። ጀላል ጨርቁን አነሳ። ሽማግሌው ኮሎኔል ጎንበስ ብለው ዲናሞውን፣ የሞተሩን ጎን አዩ፤ ፊታቸው ፈካ። «እንዴ! ይህ ልጅ ቀለሙን ከየት አገኘው? ራሱ ነው እኮ!» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ።

«ይሄስ ለምን ሰማያዊ ሆነ?»

ጀማሉዲን ቀድሞ አፉን ከፈተ። «ከፋብሪካ እንደዚያው ነው የመጣው፣ ጌታዬ።»

«አይደለም» አልኩ። «የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። መኪናው የባለቤቴ የየሱፍ ነው።»

«ዕብድ ናት ጌታዬ፣ ባሏ ከድቶ...»

«በምን ከዳ?» አልኩት። «በዚህ መኪና ጅቡቲ ገባ ያልከኝ አንተ ነህ። መኪናው ካልሄደ ሰውየው በምን ሄደ? በእግሩ? ወይስ አንተ በሸኘኸው መንገድ?»

ከበሩ ላይ አንዱ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ። ጋሽ ገብረ ማርያም ከሚሠሩት ሌላ መኪና ሥር ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ኮሎኔሉ እኔን ሳይሆን ጀማሉዲንን ነበር የሚያዩት።

«መልስላት።»

«ጌታዬ፣ ያን ጊዜ ትእዛዝ ነበር...»

«መልስላት አልኩህ።»

ጀማሉዲን አንገቱን ደፋ። «በዚያው ሌሊት ነው» አለ። «ገራዶ፣ ከወንዙ ማዶ።»

«ስሙን ጥራው» አልኩ።

«የሱፍ ሞቷል።»

ኮሎኔሉ ኮፈኑን ዘጉ። ለጀማሉዲን «እኔ የሞተ ሰው መኪና አልነዳም፤ አንተንም ከዚህ ወዲያ አላውቅህም» ብለው ሄዱ። አልታሰረም። ሹመቱ ግን እዚያው አቧራው ላይ ቀረ፤ እኔም በዓይኔ አየሁት፤ ጠገብኩ።

ደሴ ወጣሁ። ሆጤ፣ ረሂማ ቤት ለቅሶ ተቀመጥኩ። ዜናው ሰኞ ገበያ ደርሶ ነበርና ደጄን የሸሸው ሰው ሁሉ እያፈረ መጣ። ጀማሉዲንም ቤቱ ሆጤ ነው፤ የሰፈር ሰው ደግሞ ለቅሶ ካልደረሰ ነገ ለሬሳው የሚቆም የለውም። ይህን ስለማውቅ ሰው ላክሁበት፤ «ጣይባ ተቀምጣለች፣ ድረስ» ብዬ።

መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ሰው አንዱም ፈቀቅ አላለለትም። ግባ የሚለው ጠፋ፤ እኔም አላልኩም። ጫማው ከተደረደረበት ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ቁጢጥ አለ።

ያኔ አለቀስኩ። ሸሁ «ቀስ በይ ልጄ፣ ድምፅ አታሰሚ» አሉኝ።

ይበልጥ ጮህኩ። ደጅ ያለው ይስማው ብዬ።