ሶኬት የለመኑ ሽማግሌዎች

ለይኩን የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ስምንት ወሩ ነው። ስምንቱንም ወር ከአቶ አዱኛ ጋር ሲነታረክ ከርሟል። አቶ አዱኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎካቸው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ለይኩን ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳው የማራዘሚያ ገመድ ወደ መኪናው በለቀቀ ቁጥር እሳቸው ከታች አንጋጠው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ መኪናህ የብሎኩን መብራት ጠጥታ ልትጨርሰው ነው!» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር መብራቱ መኪናዋ ሳትመጣም ይጠፋ ነበር፤ ግን ማን ይስማው? መገናኛ አካባቢ ቻርጅ ማድረጊያ አለ፤ ሰልፉ ግን ቁርስ ይዘው የሚመጡበት ነው። በመጨረሻ ኮሚቴው ተሰበሰበና ቅዳሜና እሁድ ገመድ መዘርጋት ክልክል ነው ብሎ ወሰነ፤ ማስታወቂያም ለጠፈ።

እኚሁ አዱኛ ናቸው እንግዲህ በቅበላው እሁድ ጠዋት ክራቫታቸውን አስረው፣ ነጠላ ደርበው፣ እዚያችው መኪና ጋቢና ውስጥ ጉብ ያሉት። አይ ሰው!

ጉዳዩ የሽምግልና ነው፤ ለሽምግልና ደግሞ የተጣሉት ጎረቤትም ይለመናል። የለይኩን የእህቱ ልጅ ሰላሙ መቅደላዊት የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ አቶ ዓምደ ሚካኤል ግን ሌሎች ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተልከውባቸው ሁለቴም «ዘመድ ላማክር» ብለው በቀጠሮ መልሰዋል። ሽማግሌ አንዴ ሁለቴ መመላለሱ ወጉ ነው፤ ማንም አይከፋውም። ዘንድሮ ግን ለወግ ጊዜ የለም። ሰላሙን መሥሪያ ቤቱ ለሦስት ዓመት ድሬዳዋ መድቦታል፤ ግንቦት ላይ ይሄዳል። ነገ ሁዳዴ ይገባል፤ በጾም ሰርግ የለም። ከፋሲካ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ሳምንት ነው። ዛሬ እሺ ካልተባለ ልጁ ብቻውን ሻንጣውን አንጠልጥሎ መሄዱ ነው። ጠዋት መኪናዋ ድረስ ሸኝቷቸው፣ «አጎቴ፣ በእናትህ፣ ዛሬ ቀጠሮ ይዘህ እንዳትመጣ» ብሎ በሩን ዘጋላቸው።

ሦስተኛው ሽማግሌ የቤተሰቡ ንስሐ አባት መምሬ ጥዑመ ልሳን ናቸው። እሳቸው ከኋላ ሆነው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። መኪናዋ ከአባዶ ስትነሣ ሠላሳ ፐርሰንት ነበራት፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሽቅብ ማለት ስትጀምር ግን ቁጥሩ እንደ ጉድ ይወርድ ጀመር። ድንገት ከውስጧ አንዲት ሴት በቻይንኛ ተናገረች።

መምሬ ደነገጡ። «ምን አለች?»

«እግዜር ያግዛችሁ አለች፣ አባ» አለ ለይኩን። ቻይንኛ ባይችልም ቻርጅ እያለቀ ነው ማለቷን ከለመደው ቆይቷል።

«አሜን» አሉ መምሬ።

ባሕር ዛፎቹ መሀል አቶ ዓምደ ሚካኤል ደጅ ሲደርሱ መኪናዋ ዘጠኝ ፐርሰንት ቀርቷታል። አቶ ዓምደ ሚካኤል ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ በዚያ አሮጌ ቤት ከአንድ ልጃቸው ጋር ብቻ ነው የሚኖሩት። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ «አረፍ በሉ እንጂ» አሉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ተባለ። መምሬ ጥዑመ ልሳን ቆመው ከአብርሃምና ከሣራ ጀምረው ሰላሙ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ጥሩ አድርገው ተናገሩ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል አዳመጡና መነጽራቸውን ወለወሉ። «ልጅ የዘመድ ናት። ዘመድ ላማክርና ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው ወጡ፤ ለይኩንም መኪናዋን ከፍቶ ያቺን ዘጠኝ ቁጥር አያት። ያን ጊዜ ነው ሰይጣን ሹክ ያለው። ከዚህ እስከ ሾላ ገበያ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ይቺ መኪና ደግሞ ቁልቁል ስትወርድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ራሷን ትሞላለች። ሾላ ስትደርስ እንዲያውም ተርፏት ነው የምትደርሰው፤ ከዚያ የመገናኛው ቻርጅ ማድረጊያ ቅርብ ነው። ይህን ለይኩን አሳምሮ ያውቃል። ፊቱን ለቅሶ ቤት እንደደረሰ ሰው አጠቆረና ተመለሰ።

«ጋሼ፣ አፈርኩ። መኪናዋ አልቃለች፤ ንቅንቅ አትልም። ሶኬት ቢፈቅዱልን?»

«ለምን ቤታችሁ ሞልታችኋት አልመጣችሁም?»

«ኮሚቴው እሁድ እሁድ ከልክሎ ነው።»

«እንዴት ያለ ደነዝ ኮሚቴ ነው!» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል።

አቶ አዱኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የባሕር ዛፉን ጫፍ ይመለከቱ ጀመር።

«ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?»

«ቢበዛ ስድስት ሰዓት ነው፣ ጋሼ።»

በቅበላ ቀን እንግዳ ደጃፍ ላይ ስድስት ሰዓት አይገተርም። ገመዱ በጓዳው መስኮት ገባ፤ ሽማግሌዎቹም በሳሎኑ በር ተመልሰው ገቡ። ወዲያው ከመቀመጣቸው ቤቱ ድርግም አለ። ለካ መኪናዋና ምድጃው አብረው ሲሠሩ ቆጣሪው አይችላቸውም። አቶ ዓምደ ሚካኤል በርጩማ ላይ ቆመው ቆጣሪውን መለሱት፤ እንደገና ጠፋ፤ እንደገና መለሱት። በመጨረሻ ጥብሱ እስኪበስል መኪናዋ ትታገሥ ተብሎ ተፈረደ። ጥብሱ ሲወጣ ገመዱ ተመልሶ ተሰካ፤ ምሳ ተበላ። መምሬ ገና ዲያቆን ሳሉ ጅብ ያሳደዳቸውን ታሪክ ጀመሩ፤ አቶ ዓምደ ሚካኤል ሳይወዱ ሳቁ። ጠላ ተቀዳ፤ ተደገመ። አቶ አዱኛ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ ማንኮራፋት ያዙ።

ለይኩን በየመሀሉ ብቅ እያለ መኪናዋን ያያል። ምሳ ከተበላ አንድ ሰዓት ሆነው፤ ዘጠኝ። ሁለት ሰዓት ሆነው፤ ዘጠኝ። ወይ ጉድ! የምር ተበላሽታ ይሆን? ገመዱን እየተከተለ በጓሮ ዞሮ የጓዳው መስኮት ጋ ሲደርስ መቅደላዊትን አገኛት። የነቀለችውን ሶኬት በእጇ እንደያዘች ክው አለች።

«ጋሼ ለይኩን፣ በማርያም ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ» አለች። «ከሞላች ትሄዳላችሁ ብዬ እኮ ነው። ዛሬ ከሄዳችሁ ደግሞ አለቀልኝ።»

ለይኩን ወዲያና ወዲህ ተገላመጠ። «እኔ ምንም አላየሁም። ብቻ ገመዱን ወደ ውስጥ ሳቢው፤ ከውጭ ይታያል» ብሏት ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሥር ሰዓት ገደማ ሆነ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ከመሬት ተነሥተው፣ «መምሬ፣ ይመርቁ። ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ጓዳ ውስጥ አንድ ሰሃን ወድቆ ተሰበረ። አቶ አዱኛ ከእንቅልፋቸው ብንን ብለው ከሁሉ ቀድመው «አሜን!» አሉ።

ምርቃቱ አልቆ መምሬና አቶ አዱኛ መኪናዋ ውስጥ ገቡ። አቶ ዓምደ ሚካኤል በሾፌሩ በኩል ጎንበስ አሉና ዳሽቦርዱን አዩ።

«ዘጠኝ። ስትመጡስ ስንት ነበረች?»

ለይኩን ቀበቶውን ማሰር ያዘ። «ዘጠኝ ነበረች፣ ጋሼ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ነው ያስተማርኩት፣ ለይኩን። ይቺ መኪና ቁልቁለት ላይ ራሷን እንደምትሞላ የማላውቅ መስሎህ ነው? ሶኬት ስትለምነኝ ሳቄን የያዝኩት በግድ ነው።»

«ታዲያ... ለምን ፈቀዱልን?»

«በፊት የመጡት ሽማግሌዎች ቀጠሮ ስሰጣቸው እፎይ ብለው ነው የሄዱት። ዛሬ የሚቆይ ሰው መጣ። ቤቴ ሰው ሞልቶበት ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷ ደግሞ ሶኬቱን ስትነቅል አይቻታለሁ። ዋሽታኝ የማታውቅ ልጅ ናት። ይህን ያህል ከወደደችው እኔ ምን ልጠብቅ? ብቻ ድሬዳዋ ሩቅ ነው።»

ለይኩን አፈረ። እስካሁን ስለ ሰላሙ ሻንጣ እንጂ ስለዚህ ቤት አስቦ አያውቅም ነበር።

«አንድ አደራ አለኝ» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ እጃቸውን ከበሩ ሳያነሡ።

«ይዘዙኝ፣ ጋሼ።»

«የሰርጉ ዕለት ሙሽራዋን የምትወስዱት በዚችው መኪና ይሁን። ስትመጡ ግን ባዶ አድርጋችሁ ኑ።»

ለይኩን መሳቅ ጀምሮ የሰውዬውን ዓይን ሲያይ ተወው። «እሺ ጋሼ» ብቻ አለ።

ወደ ሾላ ይወርዱ ጀመር። ዘጠኙ አሥር፣ አሥሩ አሥራ አንድ ሆነ። አቶ አዱኛ ክራቫታቸውን ፈቱና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ተናገሩ።

«ስማ፣ ከነገ ጀምሮ ገመድህን በፈለግከው ቀን ልቀቅ። ኮሚቴውን እኔ አናግራለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ አዱኛ።»

«የሰርጉ ዋዜማ ግን ገመድህን በረንዳው ላይ ባያት፣ በመቀስ ነው የምቆርጣት።»