አሥራ አንድ ደብተር

መምህር አራጌ የሮቢት ከተማንና የአካባቢዋን ታሪክ ለመጻፍ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ቅዳሜና እሁድ በእግራቸው ገጠሩን እየዞሩ፣ የትኛው መንደር ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከየቤቱ ማን ማን እንደሞተ ሽማግሌዎችን ጠይቀው በአሥራ አንድ የተማሪ ደብተር አሰፈሩት። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ደብተሮቹን ለከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አስረከቡ።

የተረከበቻቸው ፍሬዓለም ናት፤ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ።

«በኮምፒውተር ጽፌ አባዛቸዋለሁ፣ ጋሼ» አለቻቸው። ከልቧ ነበር። ግን አንድ ሳምንት መብራት ይጠፋል፣ ሌላ ሳምንት ስብሰባ ይጠራል። አራት ገጽ እንደጻፈች የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ደረሰና ልብሷን በፌስታል ይዛ ሸሸች።

ከአምስት ወር በኋላ ስትመለስ ቤተ መጻሕፍቱ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኗል። ኮምፒውተሩ የለም። መጻሕፍቱ ግን አብዛኞቹ በየመደርደሪያቸው አሉ። ማመን አቃታት። ሮጣ ደብተሮቹን ያስቀመጠችበትን ቁም ሳጥን ከፈተች። ባዶ ነው።

«እዚህ የነበሩ ደብተሮች የት ሄዱ?»

ግድግዳው ሥር ሕፃን የምታጠባ ሴት ቀና አለች። ከዋጃ በኩል ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ ኡሙሰልማ ትባላለች።

«እኔ ነኝ ያነደድኳቸው» አለች። «ይቺን የወለድኩ ለት ሲዘንብ ነው የዋለው፤ ውሃ የምናሞቅበት ደረቅ እንጨት አጣን።» የፍሬዓለምን ፊት ስታይ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ወላሂ እህቴ፣ መጽሐፎቹን አልነካሁም። ማንበብ አልችልም፤ ግን የታተመው ዋጋ አለው ብዬ ተውኩት። እነዚያ የተማሪ ደብተር መሰሉኝ። አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋሽም» አለቻት ፍሬዓለም። ባዶውን ቁም ሳጥን መልሳ ዘጋችው።

መምህር አራጌ ዘንድ ለመሄድ ሦስት ቀን ፈጀባት። ያሰበችው ሁሉ ጠፍቶባት «ተቃጥለዋል፣ ጋሼ» ብቻ አለች።

«ወታደር ነው?»

«አይደለም። አንዲት እናት ወልዳ፣ ውሃ አሞቁባቸው።»

«ልጁ ተረፈ?»

«ሴት ናት። ተርፋለች።»

«እሰይ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንደገና ይንገሩኝ፤ እኔ እጽፋለሁ» አለች፣ አዲስ ደብተር አውጥታ።

በየሐሙሱ እየሄደች ሁለት ወር ጻፈች። ስም ከስም ይምታታባቸዋል፤ አባትና ልጅ ይቀያየሩባቸዋል። «ሰርዢው» ይላሉ፤ ትሰርዛለች። «አያሌውን ጠይቂው፣ እሱ ያውቃል» ሲሉ ሚስታቸው ወይዘሮ ከፈለች ከደጅ ሆነው «አያሌውን እኮ ቀብረኸው መጣህ» ይሏቸዋል።

አንድ ሐሙስ በድርቁ አራት ልጆች ያለቁበትን አንድ ቤት ሊያጽፏት ጀመሩ። ሦስቱን ጠሩ። አራተኛዋ ላይ ቆሙ።

«ትንሿ... የአምስት ዓመት ልጅ ናት። አስተምራት ዘንድ እናቷ ይዛት መጥታ ነበር። ስሟ...» ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ማን ነበር ስሟ?»

ፍሬዓለም የምትጠይቀው ሰው አሰበች። እናትየዋ በሕይወት የሉም። ጎረቤቶቹም የሉም። ስሟ የነበረው የተቃጠለው ደብተር ላይ ብቻ ነበር።

«ያለ ስም ልጻፋት፣ ጋሼ?»

«ተዪው ልጄ። ከእንግዲህ አትምጪ።»

ልትሟገታቸው አፏን ከፈተች። ግን የአራተኛዋን መስመር ባዶ ትታ ደብተሩን ዘጋችው።