ሰሜን የሌለው ቤት

ስሜ ጫኔ ይባላል። ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍሁት ሆን ብዬ ነው።

ደሴ ማዘጋጃ ቤት አቶ ኃይለ ማርያም የሚባሉ የፕላን ሠራተኛ ነበሩ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ወድቄ ስቀር እሳቸው ቢሮ ወረቀት ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። መስመር መሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አልክድም። ግድግዳ በሁለት መስመር፣ በር ደግሞ ሲከፈት በሚዞርበት ቅስት እንደሚጻፍ አሳዩኝ። ከሁሉ የወደድሁት ግን ያልተሠራን ቤት እንደ ተሠራ አድርጎ ማሳየቱን ነው። በወረቀቱ ላይ የዐይን መስመር ይሰመራል። በመስመሩ ላይ አንዲት ነጥብ ትደረጋለች። የወለሉም የጣሪያውም ጠርዝ ወደዚያች ነጥብ እየጠበበ ሄዶ ይጠፋል። አቶ ኃይለ ማርያም «መጥፊያዋ» ይሏታል። እሷን በደንብ ካስቀመጥሃት ባዶ ወረቀት ውስጥ ገብተህ መንጎራደድ ነው።

የከተማው አዳራሽ ሊሠራ ሲታሰብ እንግዶች ያጨበጨቡለትን ሥዕል የሣልሁት እኔ ነኝ። ጥግ ላይ የተጻፈው ስም የሳቸው ነው። «ማነው የሣለው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ እኔ ሻይ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ፣ «ቢሮው» አሉ። ቢሮ እጅ አለው? እርሳስ ይጨብጣል? ይህን ነገር እንደ ተሸከምሁ ነው ሪያድ የገባሁት።

ሪያድ ሱለይማኒያ ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሹፌር ነኝ። ክፍሌ ከውጪው በር ጥግ ናት። ቤቱን ከውጪ ድንጋይ በድንጋይ ዐውቀዋለሁ፤ ከወንዶቹ መጅሊስ፣ ከእንግዳ መቀበያው፣ ወዲያ ግን ምን እንዳለ አላየሁም። ራዲያ ደግሞ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ የሐይቅ ልጅ። እሷ ውስጡን እንጂ ውጪውን አታውቀውም። ባባ፣ ከፊሌ፣ አሠሪዬ ማለቴ ነው፣ የቀጠረኝ ዕለት የተናገረኝ አንድ ነገር ነው። «ሴቶች ከኋላ ሲኖሩ ዐይንህ ወደ ፊት። ዞር ካልህ ኸላስ፣ አበቃ፣ ወደ አገርህ።» እንኳን ያኔ፣ ሰው በያዘው ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ፣ ላይ ሌላ ሥራ እየሠራ ሲገኝ በሚጠረዝበት ጊዜ፣ በደኅናውም ቀን ዞር አልልም። አንገቴ እንደ ደረቀ ይኸው አለ።

ሁለት ሺህ ሰባት ላይ የባባ ሚስት፣ የማማ፣ እናት ታመው ሹመይሲ ሆስፒታል ተኙ። ማማ ልትጠይቅ ስትገባ ትንሿን ልጅ አያስገቡም፤ ስለዚህ ራዲያ ልጅቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ ከኋላ፣ እኔ ከፊት፣ ሞተሩን ለማቀዝቀዣው ብለን አስነሥተን እንጠብቃለን። አንድ ቀን፣

«ወንድሜ ጫኔ፣ ላስቸግርህ?» አለችኝ። «ሥዕል ታውቃለህ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ታደለች። ዐዚዚያ ምግብ የምትሸጠው። ሁልጊዜ ናፕኪኗ ላይ ቤት እየሣልህ ታስጨርሳታለህ አለች።»

ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ቀጠለች። ወንድሟ ሐሰን ኮምቦልቻ ዳር ቦታ አግኝቶላታል። በኢሞ በደወለ ቁጥር «ምን ዓይነት ቤት ነው የምትፈልጊው?» ይላታል።

«ቤቱንማ ዐውቀዋለሁ። ሌሊት ሁሉ እገባበታለሁ። መናገር ነው ያቃተኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ። እግሯን ከያዛት ወዲህ ከአልጋ አትወርድም፤ ያለችበት ክፍል ደግሞ መስኮት የለውም። መንገዱን እንድታየው ነው የምፈልገው። ገበያ ወራጁን፣ ተመላሹን፣ በመስኮት ‹እንዴት አደርሽ› የሚላትን ሰው። ሌላው እንዳሻው ይሁን።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ግራ ነው ቀኝ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ትሉ ይሆናል። ጠየቅሁ እኮ! ራዲያ ግን ስለዚያ ቤት ስታወራ ዐይኗን ትጨፍናለች፣ አፏ ይተሳሰራል፣ እጇ ብቻ ነው የሚናገረው። «ከግቢው በር እገባለሁ፤ የእናቴ ክፍል በዚህ። ሳሎኑ በዚህ። በረንዳው እንዲህ ይዞራል።» ዞሬ እንዳላይ የባባ ቃል አለ። ፊቷን በመስተዋት ማየቱም ነውር ሆነብኝ። ስለዚህ የሹፌሩን መስተዋት ዝቅ አደረግሁት። እጆቿ ብቻ ታዩኝ፤ ከልጅቱ ራስ በላይ አየሩን የሚቆርሱ ሁለት እጆች። ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼ ተከተልኋቸው።

መስተዋት ይገለብጣል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ያን ጊዜም ፊት ለፊታችን አምቡላንስ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ስሙን ገልብጦ የጻፈው ለምንድን ነው? ከፊቱ ያለው ሹፌር በመስተዋቱ እንዲያነበው ነዋ። እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም። እጇ በመስተዋቱ በግራ በኩል ሲነሣ፣ ገልብጬ በቀኝ ሣልሁት። በቀኝ ሲነሣ በግራ። አቶ ኃይለ ማርያም እንኳ ይህን አያስቡትም ነበር ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ማማ በምትገባባቸው ቀናት ሁሉ ሣልሁ። ከግቢው በር የቆመ ሰው የሚያየውን ቤት፤ በረንዳው ወደ መጥፊያዋ እየጠበበ ሲሄድ፣ የእናትየው መስኮት ተከፍቶ፣ ከውስጥ የአልጋው ራስጌ ሲታይ። ምንጣፉን ሳይቀር። ከሥር ጥግ ላይ፣ ደመቅ አድርጌ፣ «ሣዩ፦ ጫኔ» ብዬ ጻፍሁ። በዕድሜዬ የፈረምሁት የመጀመሪያው ሥዕል ነው።

ለራዲያ ከመስጠቴ በፊት ዓርብ ታደለች ቤት ይዤው ሄድሁ። ሰዉ ምሳውን ትቶ ተቀባበለው። ኢንጂነር ዳግም አለ፤ ልጅ ነው፣ አንድ የሕንፃ አማካሪ ቢሮ ይሠራል። ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና አዘንብሎ አየው።

«ሰሜኑ የታል ጋሼ ጫኔ?»

«ምን?»

«የሰሜን ቀስት። ቤቱ ወዴት እንደሚዞር በምን ይታወቃል?»

«ሰሜኑ እዚያው ኮምቦልቻ ነው። እኔ እዚህ ሪያድ ቁጭ ብዬ ሰሜን ከየት ላምጣ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዳግምም ሳቀ፤ ወረቀቱንም መለሰልኝ። «እጅዎ ጥሩ ነው። ግን ለምን ይለፋሉ? ይኼ ሁሉ አሁን በኮምፒውተር ነው፤ ዛፉንም ሰውየውንም ራሱ ያቆምልዎታል።» ሳቁ ወደ እኔ ዞረ። «እጅዎ ጥሩ ነው» ይለኛል፤ ለልብስ አጣቢ እንደሚባለው! ወረቀቱን ጠቅልዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ሹመይሲ ወረቀቱን በትከሻዬ በኩል ወደ ኋላ አቀበልኋት።

«ያ ረቢ» አለች። «መግባት ያሰኛል እኮ። ግቢ ግቢ ይለኛል።» ደግሞ ወረቀቱን አዟዟረችና፣ «ወንድሜ፣ የእናቴ ክፍል በዚህ በኩል አልነበረም እንዴ?»

የዳግም ሳቅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር።

«ይኼ ፐርስፔክቲቭ ይባላል» አልኋት። «ላላወቀው ሰው የተገለበጠ ይመስላል። እኔ መስተዋቱን አስልቼ ነው የሣልሁት።»

«እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች። ፎቶ አንሥታ ለሐሰን ላከችለት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደኅና ነበሩ። ሐሰን መሠረት ማውጣቱን፣ ድንጋይ መግባቱን ትነግረኛለች። እኔም ሱለይማኒያ መንገድ መብራት ላይ ስቆም፣ እነዚያን ትልልቅ ቪላዎች እያየሁ፣ የናንተን ማን ሣለው፣ የኔ ግን ኮምቦልቻ እየበቀለ ነው እላለሁ። ከረመዳን በኋላ አንድ ቀን፣ ማማ ገብታ እኛ መኪና ውስጥ እንደ ተቀመጥን፣ የራዲያ ስልክ ፎቶ አመጣ። ትንፋሿ ቁርጥ ሲል ከፊት ሆኜ ሰማሁ።

«ምነው?»

«ግድግዳው መስኮቱ ድረስ ደርሷል።»

«ታዲያ ደስ አይልሽም?»

«በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ግንብ ነው። እናቴ ስታየው ልትውል ነው? ግንብ?» ስልኩን ደወለች፤ ድምፁን ለቀቀችው። «ሐሰን! መንገዱ እኮ በወዲያ በኩል ነው!»

«ዐውቃለሁ እህቴ» አለ ሐሰን። «ሥዕሉ ነው እንዲህ ያለው። ግንበኛውም ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ‹ተወው፣ ዐረብ አገር ቆይታ ልማዷ ተለውጦ ነው› አልሁት። እዚያ ሴት ከመንገድ አትታይም አላልሽኝም? ቤቱ ሁሉ ለመንገድ ጀርባውን ይሰጣል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እናቴ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ‹ልጄ እንደዚያ ከፈለገች ይሁን› አለች።»

ራዲያ ስልኩን ዘጋችው። እኔ ጦፍሁ። «ይኼ ወንድምሽ አፍ የለውም? አይጠይቅም? መንገዱን እያየ ጀርባ ያዞርለታል እንዴ ሰው ቤቱን?»

«እኔ ጠይቄህ ነበር» አለች ዝግ ብላ።

ሥዕሉ ልክ ነው፣ እጇን የቀያየረችው እሷ ናት፤ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያወራ ሰው ግራውንና ቀኙን ምን ያውቃል? ይህን ለራሴ እየነገርሁ ዓርብ ደረሰ። የሚያስረዳልኝ ምስክር ፈልጌ፣ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ዳግምን ከታደለች ቤት ጠርቼ መኪናው ድረስ አመጣሁት። ነገሩን ከነአምቡላንሱ አጫወትሁት።

ዳግም ሰምቶ ሲያበቃ ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ። «ይግቡ ከፊት። አይዙሩ። አሁን እጄን አነሣሁ፤ በመስተዋቱ በየት በኩል አዩት?»

«በቀኝ።»

«አሁን ዞር ይበሉ፤ ሴት የለም።»

ዞርሁ። ያነሣው ቀኝ እጁን ነው። የኔም ቀኝ፣ የሱም ቀኝ፣ ሁለታችንም ፊታችን ወደ አንድ ነው።

«ጋሼ ጫኔ፣ ሲነዱ በመስተዋቱ በቀኝ የታየዎት መኪና በየት ይቀድምዎታል?»

በቀኝ ነዋ! ይህን ሳላውቅ ነው የንጉሥ ፋህድን አውራ ጎዳና ስመላለስበት የኖርሁት? መስተዋቱ ጽሑፍ ይገለብጥ እንጂ ጎን አይቀይርም፤ እጄ ያውቀዋል፣ እግሬ ያውቀዋል፣ ስሥል ግን አዋቂ ልሁን ብዬ ገለበጥሁት። ቢስቅብኝ ምን ነበረበት? አልሳቀም። «ለሰው ሁሉ ያጋጥማል። ከፈለጉ በኮምፒውተር ልሥራልዎት» አለኝ። ያ ነው የባሰው። ከሳቁ ይልቅ ማዘኑ አቃጠለኝ። «ተወው» ብዬ በሩን ከፈትሁለት።

በዚያው ሳምንት ክፍሌ ተቀምጬ እንደ ገና ሣልሁ። የእናትየው ክፍል በግራ፣ መስኮቱ ወደ መንገዱ፣ መንገዱም ላይ ሰው፤ እጁን ለሰላምታ ያነሣ ሰው። ኮምቦልቻ ሰሜኑ ወዴት እንደሆነ ራዲያ ነገረችኝ፤ ቀስቱንም አደረግሁ። ይህኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ማንም ያይ። ትከሻዬ ላይ አሻግሬ ስሰጣት፣

«ጥፋቱ የመስተዋቱ ነው» አልኋት።

«የመስተዋቱ?»

«ያው… መስተዋቱን ያየሁት እኔ ነኝ እንግዲህ።»

«ኸላስ፣ ወንድሜ። ዋናው መታረሙ ነው» አለችና ፎቶ አንሥታ ላከችው።

ሐሰን ግን ሥራው እስኪያልቅ አልከፈተውም። ከእሷ ጋር በስልክ በተነጋገረ በማግስቱ ከግንበኛው ጋር ቆመው፣ ሳሎን የነበረውን የእናትየው ክፍል፣ የእናትየውን ክፍል ዕቃ ቤት አድርገው፣ የመንገዱን ግድግዳ ሰብረው መስኮት አውጥተዋል። ያለ ሥዕል። በጣት እያሳዩ። «በዚህ በኩል እንዲህ፣ በዚያ በኩል እንዲያ» ተባብለው አበቃ። እኔ እዚህ መጥፊያዋን ስፈልግ ዐይኔ ይጠፋል!

ቤቱ ሲያልቅ ራዲያ ስልኳን በመቀመጫዎቹ መካከል አሾልካ አሳየችኝ። እናትየው አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለዋል። ፊታቸው ላይ የመስኮቱ ብርሃን አለ፤ ከውጪ አንዲት ሴት ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ቆማ ታወራቸዋለች። ደስ የሚል ነገር ነው፤ አልክድም። ከራስጌያቸው በላይ ግን መስተዋት የገባበት ትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ያንተ ሥዕል ነዋ! ሐሰን ፎቶ ቤት አሳጥቦ፣ ለማስታወሻ ብሎ።»

በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። የመጀመሪያው ነው። የተገለበጠው። ከሥሩም፣ ደምቆ፣ «ሣዩ፦ ጫኔ»።

«ለምን ሁለተኛውን አልሰቀሉም?»

«ስም የለበትም አለ ሐሰን። ስም ያለበት ይሻላል ብሎ።»

እውነት ነው፤ ሁለተኛው ላይ አልፈረምሁም። እጄ እምቢ አለኝ።

«እንግዳ በገባ ቁጥር» አለች ራዲያ ሳቋን እያፈነች፣ «ፍሬሙን ያይና ቤቱን ያያል፤ ይዞራል። እናቴማ ምን አለች መሰለህ? ‹ይኼ ጫኔ የሚሉት ሰውዬ ሲሥለው መርቅኖ ነበር እንዴ?›»

ከኋላዬ ሳቋ ፈነዳ፤ ልጅቱ ነቃች። እኔ ወደ ፊት እያየሁ፣

«እህቴ፣ እባክሽ ንገሪው። ያንን ያውርደውና ሁለተኛውን ይስቀልልኝ። ፈርሜ እልክለታለሁ።»

«ኢንሻአላህ» አለች።

እዚህ አገር ኢንሻአላህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ዐውቃለሁ። ማማ ከሆስፒታሉ በር ስትወጣ አየኋት፤ መስተዋቱን ወደ ቦታው መልሼ መኪናውን ወደ በሩ አስጠጋሁ።