ለቁንጫ እጅ የተሰፋ ላስቲክ

ቁንጫ የሚሏት ልጅ እርሳስ ስትይዝ ያያት ሰው፣ ልትጽፍ ሳይሆን ልትወጋ የተነሳች ይመስለዋል። አምስቱንም ጣቶቿን ጥቅልል አድርጋ፣ ቡጢዋን ደብተሩ ላይ ተክላ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ትገፋዋለች። እርሳሱ ይሰበራል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ፊደል የሚባል ግን የለም። አንደኛ ክፍል ስትቀመጥ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የክፍሏ ልጆች ትከሻዋ ላይ እንኳ አይደርሱም፤ "እትዬ" እያሉ ይጠሯታል፣ አሽሟጣጮች!

ታላቅ እህቷ መርፌ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት የምትሠራበት ሶፋ ቤት ነው፤ አንድም ለቅጥነቷ፣ አንድም ሰው ወግታ ደም ስለማታሳይ። አራተኛ ክፍል ስትደርስ እናቷ ደብተሯን ተቀብላ መቀስ አስጨበጠቻት። ይኸው ከማስቲሽ ሽታና ከስፖንጅ ብናኝ ጋር አምስት ዓመቷ።

"ዘንድሮ ካላለፈች እሷንም ይዘሻት ትሄጃለሽ" አለች እናታቸው፣ የሰው ልብስ ስታጥብ የዋለ እጇን እያሻሸች። "ሦስት ዓመት አንድ ክፍል የምትቀመጥ፣ ወንበር ናት እንዴ?"

"እማዬ፣ ልጅቷ እኮ ደደብ አይደለችም። እጇ ነው።"

"እጇንስ ምን ላድርገው? አንቺስ አራተኛ ድረስ ደርሰሽ ምን አመጣሽልኝ?"

"ይቺን ምላስ።"

እናትየዋ ልትስቅ ነበር፤ ድካሙ ቀደማት።

መርፌ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቁንጫ የዚያን ሶፋ ቤት ደጃፍ እንዳትረግጥ። ስለዚህ ማታ ማታ ቁንጫ ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ታጠና ጀመር፣ ልክ እግሩ የተወላገደ ወንበር እንደሚያዩት አድርጋ። መጀመሪያ እርሳሱን በስፖንጅ ጠቀለለችው። ቁንጫ ስፖንጁን በሁለት ቀን በልታ ጨረሰችው። ቀጥሎ ነገሩ ገባት፤ እርሳሱ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነው። ጋደም ማለት አለበት።

በምሳ ሰዓት ቁርጥራጭ የሚጣልበት ጆንያ ውስጥ እስከ ብብቷ ገብታ በረበረች። የሱሪ ወገብ ላይ የሚገባውን ዓይነት ላስቲክ ስንዝር የማይሞላ ቆርጣ፣ በሁለት ቀለበት ሰፋችው፤ ትልቁ ለእጅ አንጓ፣ ትንሹ ለእርሳሱ ጭራ። ላስቲኩ እርሳሱን ወደ ኋላ ሲስበው በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ተጋድሞ ይቀመጣል፤ ቡጢ ቢያደርጉትም እሺ አይልም። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ሥራ ፈትተው እንዳይረብሹ ደግሞ አንድ የሶፋ ቁልፍ አስጨበጠቻቸው። ከዚያ በጥቁር ሌዘር ቁራጮች ላይ ፊደሎቹን በወፍራም ነጭ ክር ሰፋች፣ ጣት ሲሄድባቸው እንዲሰሙ። የእያንዳንዱ ፊደል መነሻ ላይ ክሩን ቋጠረችው፤ ልጅቷ ከየት እንደምትጀምር እንዳይጠፋት።

ሶፋ ሰሪው ምሳውን በልቶ ሲመለስ አያት።

"ምንድነው እሱ? የአሻንጉሊት ሶፋ?"

"ለእህቴ ነው ጋሼ። ወንበር እያለበስን አንድ እጅ ማልበስ ያቅተናል?"

"ክሩን ከየት አመጣሽው?"

"ከመሬት።"

"የኔ መሬት ላይ የወደቀ የኔ ነው።"

"ታዲያ እኔስ የማን ነኝ? አምስት ዓመት እዚሁ ወድቄ!"

ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሄደ። እሱ ካልተቆጣ ፈቀደ ማለት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ቁንጫ "መ"ን ጻፈች። ወረቀቱ አልተቀደደም። አንደኛው ዓይኗ ከሌላው እጥፍ ቢሆንም "መ" ናት።

"ይቺስ ቡጢ የቀመሰች መ ናት" አለች መርፌ፣ እየሳቀች። ደብተሩን ግን ወስዳ ለእናቷ አሳየች፤ ማንበብ የማትችለዋ እናት ገልብጣ ይዛ ረጅም ሰዓት አየችው።

ከዚያ አንድ ቀን አስተማሪዋ ራሷ ሶፋ ቤቱ በር ላይ ቆመች፣ ጠመኔዋን በጣቷ እንደያዘች።

"ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ? ክፍሌ ውስጥ አርባ ልጅ አለ፤ ግማሹ እርሳስ እንደ አካፋ ነው የሚይዘው። ለሁሉም ሥሪልን፣ የኔ እህት።"

መርፌ ምላስ አይጎድላትም፤ ያን ዕለት ግን "እሺ ቲቸር" ብቻ አለች። አስተማሪ አንድ ነገር ለምኗት አያውቅማ። ሙሉ ወር ምሳዋን እየቆመች ጎርሳ ሰፋች፤ ላስቲክ፣ ቁልፍ፣ ፊደል። ጣቷ በመርፌ ተበሳስቶ ወንፊት ሆነ። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ላስቲኩ አለቀ።

"ችግር የለም" አለች አስተማሪዋ። "የቁንጫን ጨምሪበትና አርባ ይሙላ። ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ የሚመጡት እንግዶች አይተውት ከሄዱ በኋላ ለሁሉም አንድ ላይ እናድላለን።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ከእህቷ አንጓ ላይ ፈትታ ሰጠች።

ትምህርት ቤቱ ለማስተማሪያ መሣሪያ ብሎ የለየው አንድ ክፍል አለው፤ ውስጡ የመስታወት ቁምሳጥን። ዳይሬክተሩ አርባውን በተርታ ደርድሮ ቆለፈባቸው። በላዩም "መንካት ክልክል ነው" የሚል ካርቶን ለጠፈ። መጻፍ ላቃታቸው ልጆች የተሠራውን፣ ማንበብ የማይችሉት ልጆች እንዳይነኩት በጽሑፍ ከለከላቸው እንግዲህ! እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ አጨበጨቡ። አስተማሪዋ የምስክር ወረቀት ተቀበለች። ሌሎች እንግዶች ደግሞ ይመጣሉ ተባለ። ልጆቹም ከሰሌዳው ፊት ቁጭ ብለው እርሳሱን እንደ አካፋ መያዛቸውን ቀጠሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የፈተናው ጊዜ ሲቃረብ መርፌ ትምህርት ቤት ሄደች።

"ቲቸር፣ ሌላውን ተዉት። የእህቴን ብቻ ስጡኝ።"

"እኔ ብሆን ኖሮ…" አስተማሪዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል። ያለ ዳይሬክተሩ አይወጣም። እሱ ደግሞ አንዱ ከጎደለ ሰልፉ ይበላሻል ይላል።"

"የምን ሰልፍ? ላስቲክ እኮ ነው፣ ወታደር መሰላችሁ?"

ክርክር አላዋጣም። መርፌ ከሶፋ ሰሪው ላስቲክ ለምና ሌላ ሰፋች። ቁንጫ አንጓዋ ላይ ስታጠልቀው የጠፋ ዘመዷን ያገኘች መሰለች። ሁለት ቀን ጻፈችበት። በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ክፍሎቹን ሲዞር አንጓዋን አየ።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"እህቴ ሰፋችልኝ።"

"ሌባ ብቻ ሳትሆኚ ውሸታምም ነሽ!"

ላስቲኩን ከነእርሳሱ መንጭቆ ወሰደ። ልጅቷን ሰሌዳው ፊት አቆመና ለክፍሉ "የትምህርት ቤት ንብረት የሚሰርቅ ሰው ይሄን ይመስላል" አለ። አስተማሪዋ ጠመኔዋን ታያለች። አፏን ብትከፍት አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ወላጅ ይምጣ ተባለ። እናትየዋ ከልብስ ማጠቢያው ላይ መነሳት ስለማትችል መርፌ ሄደች።

"ይቁጠሯቸው" አለች፣ ቢሮው ውስጥ ሳትቀመጥ።

"ምኑን?"

"የተሰረቀውን ነዋ። ቁምሳጥኑን ይክፈቱና ይቁጠሩት።"

ሄዱ፤ ተከፈተ፤ ዳይሬክተሩ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። አርባ። አላምን ብሎ ከኋላ ጀምሮ ደገመው። አርባ።

"ይቺ በእጅዎ ያለችው ስንተኛ ናት ታዲያ?"

"አርባ አንደኛ" አለ ሳይወድ።

"እንግዲያው እህቴ የሰረቀችው የቱን ነው?"

አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዳይሬክተሩ መዝገቡን አወጣ፤ "አርባ" የሚለውን በቀጭኑ ሰረዘና "አርባ አንድ" ብሎ ጻፈ። ላስቲኩን ከሌሎቹ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠና ቆለፈ።

"እንኳን ቆጠርነው" አለ። "ትርፍ ኖሯል።"

"ልጅቷን ሌባ ያሏትንስ የትኛው መዝገብ ላይ ይሰርዙታል?"

"ልጆች ናቸው፣ ይረሳሉ። በይ፣ ሥራ አለኝ።"

አስተማሪዋ እስከ ግቢው በር ተከተለቻት። "ምን ላድርግ፣ የኔ እህት? ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ ነው። እኔም ሥራዬን መጠበቅ አለብኝ።"

"ይጠብቁት ቲቸር። ቁምሳጥኑ ውስጥ ቢያስገቡት ደግሞ አቧራ አይነካብዎትም።"

ቀልዱ ራሷንም አላሳቃትም።

ልጆች ይረሳሉ የሚል ሰው ልጅ ሆኖ አያውቅም። መርፌ አርባ ሁለተኛውን ሰፍታ ብታመጣ ቁንጫ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። በቁጣም፣ በልመናም፣ በከረሜላም አልሆነም። በፈተናው ቀን ሁለቱንም መዳፎቿን በጭኖቿ ሥር አድርጋ፣ ደወል እስኪደወል ድረስ ቁጭ አለች። ወረቀቱ እንደተሰጣት ነጭ ሆኖ ተመለሰ። እናታቸው ውጤቱን ስትሰማ አልጮኸችም፣ አልተገረመችምም። የቁንጫን የደብተር ቦርሳ ከምስማሩ ላይ አወረደች፤ ውስጡን አራግፋ የልብስ መቆንጠጫ ጨመረችበት።

ክረምቱ አለቀ፣ ሶፋ ቤቱ ሥራ በዛበት። ቁምሳጥኑን አይተው ያደነቁት እንግዶች ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ሦስት መቶ እንዲሠራ አዝዘው ኖሯል። ሶፋ ሰሪው ደረቱን ነፍቶ "ከናንተ ቤት የወጣ ሥራ ነው፣ ደስ ይበላችሁ እንጂ!" ይላል። መርፌ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ፊደል ትሰፋለች። ቁንጫ እግሯ ሥር ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ላስቲክ ትቆርጣለች። መቀስ አያያዟ ላይ አንድም ስህተት የለም፤ መቀስ በመያዟ ማንም ሌባ አላላትማ።

የተሰፉትን ፊደሎች አስር አስር እያደረገች ታስራለች። ጠርዝ ጠርዛቸውን ብቻ፣ እንደ ትኩስ ብረት ምጣድ በጥፍሯ ጫፍ ነው የምታነሳቸው። መርፌ መኪናውን አቆመች።

"ክሩን ንኪው እንጂ ቁንጫዬ። አይነክስም እኮ።"

"ይቆሽሻል" አለች ቁንጫ፣ ቀና ሳትል። "የተማሪዎች ነው።"

የሚቀጥለውን አስር ለመቁጠር ጎንበስ አለች።