በሌላኛው ጠርዝ

«የፈረንጅ ስም ተጽፎበታል» አለች ቢልቂስ፣ ፍራሹን ስታስተካክል ያገኘችውን ፖስታ አገላብጣ እያየች።

«የሙሀሲን ነው፣ እትዬ። ይስጡኝ።» ነጅዋ ተቀብላ መልሳ ከሥሯ አደረገችው።

የባሏ የሙሀሲን ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አሜሪካ፣ ቱክዊላ ከተማ ያለው አፓርታማቸው በር ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ የተምር ሰሃን ይዞራል።

«አላለቀሰችም እኮ» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«የተማረ ሰው እንዲህ ነው። እሱስ ከቻይና መጽሐፍ ጋር አይደል ዕድሜውን የጨረሰው?»

«የኮሪያ ነው» አለች ነጅዋ፣ ቀና ሳትል።

ሙሀሲን ኮሌጅ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረው የኮሪያ ፈላስፋ ስለ ዪ ህዋንግ ነገራት። «ሃያ ስድስት ዓመት የሚያንሰው ሰው ‹ተሳስተዋል› ብሎ ጻፈለት። ስምንት ዓመት ያህል ተጻጻፉ። ያን የሚያህል ሊቅ ቃሉን አረመ። እኔ ይህን ብችል ይበቃኛል።»

እሱም ከኮሪያዊው የቀድሞ ተማሪው ከጁንሆ ጋር በደብዳቤ ይከራከር ጀመር። ርኅራኄና ሐዘን ምንጫቸው አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሙሀሲን ሁለት ነው እንዳለ ዓመታት አለፉ። የሞተ ዕለት ጠዋት የፖስታውን ጠርዝ በምላሱ አርጥቦ አሸገው። ቴምብር ሊፈልግ እንደተነሳ ወደቀ።

ከቀትር በኋላ ጁንሆ ከጎረቤት ከተማ ከታኮማ መጣ። ጫማውን አውልቆ በአገሩ ወግ ወለሉ ላይ ሊሰግድ ሲንበረከክ ሴቶቹ ደነገጡ።

«ለሰው አይሰገድም በይው» አለች ቢልቂስ።

ነጅዋ ክንዱን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። ጁንሆ እጁን እያሻሸ በእንግሊዝኛ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስ ጽፎልኝ ነበር?» አላት።

አልጻፈም ብትለው የሚያውቅ የለም። እሷም ፖስታውን እስካሁን ያልከፈተችው እሱ እንዳሸገው ልታኖረው ብላ ነበር።

«እትዬ፣ መቀስ ያቀብሉኝ» አለች።

የፖስታውን ግርጌ፣ ያልታሸገበትን በኩል፣ በቀስታ ቆረጠች። ወረቀቱን ስባ ሰጠችው። ጁንሆ አነበበና ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«ምን ይላል?» አለች።

«‹ምንጫቸው አንድ ነው። አንተ ነህ ልክ› ይላል።»

ነጅዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ባዶውን ፖስታ በሻሿ ጫፍ ከልላ፣ የታሸገውን ጠርዝ ከንፈሯ ላይ አሳረፈችው።