«ተረጋጊ» የሚለኝ ሰው

ባሌ አስማማው ደግ ሰው ነው፤ አንድ ነገሩ ግን ከተጋባን ጀምሮ ሲያንገበግበኝ ኖሯል። በተጨነቅሁ ቁጥር «ተረጋጊ» ይለኛል። ምጥ ይዞኝ፣ ተረጋጊ። እናቴን ቀብሬ ስመለስ፣ ተረጋጊ። ተረጋጊ ስላሉት የተረጋጋ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔስ ጭራሽ እሳት ነው የምሆነው።

ዘንድሮ ተራው እሱ ላይ ደረሰ። ልጃችን ዜማ ከጣና ማዶ፣ ቁንዝላ ነው የምታስተምረው። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። በዚያ በኩል ተኩስ አለ የሚል ወሬ ከሰማ ወዲህ አስማማው እህል አልቀምስ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ጣናን እያናወጠው፣ ጀልባውን ሊገፋ ወረደ። ዓሣ በማስገር ያረጀ ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት መሀል ውኃ እንደማይገባ ጠፍቶት አይደለም።

ተከትዬው ሮጥሁ። «ተረጋጋ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ብናገረው እንዴት ይጣፍጠኝ ነበር። የሞተሩን ገመድ መያዝ ሲያቅተው ሳይ ግን ዋጥሁት። ጀልባው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ።

«ውረጂ አንቺ ሴትዮ።»

«አልወርድም። መስጠም ካማረህ አብረን ነው።»

«ልጄ ናት እኮ።»

«እኔስ ከገበያ ገዝቼ ነው ያመጣኋት?»

ሊስቅ ዳዳውና ተወው። ጀልባው ወለል ላይ የተተበተበ መረብ ነበር፤ አነሳሁና ግማሹን ጭኑ ላይ ጣልሁለት። መረብ ሲቸኩሉበት ይብሳል። አንዷን ቋጠሮ እያዩ፣ የሚቀጥለውን ሳያስቡ ነው የሚፈቱት። ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ፈራሁ እቴ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እኔም ፈርቻለሁ። ፈርተን እንፍታዋ።»

ስንፈታ ስንፈታ ትንፋሹ ረጋ። እንባው ሲንጠባጠብ አላየሁ መስዬ የራሴን ቋጠሮ ያዝሁ።

«ምነው ተረጋጋ አላልሽኝ?»

«ለእኔ ሠርቶልኝ ያውቃል?»

«ሌላ የምለው ሲጠፋኝ ነው እኮ።»

ነፋሱ ሳይበርድ መሸ። ወደ ቤት ገባን፤ ትንሽ ቀመሰ።

ጎሕ ሲቀድ ጣና እንደ ተነጠፈ ሸማ ተኝቶ አገኘነውና ወደ ቁንዝላ ተነሣን። የዘጌን ጫካ ስናልፍ ግን ልቤ ይደልቅ ጀመር፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ብቀመጥም አስማማው አወቀብኝ። አፉን ሲከፍት ሰማሁት።

«ተወው» አልሁት። እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ሞተሩን ያልያዘበትን እጁን ሳብሁና ጀርባዬ ላይ አኖርሁት። «በቃ፣ እዚህ ላይ አድርገው፤ ሌላ ምንም አትበል።»